የያዕቆብ የምስር ወጥ፦ ያለ በርበሬ እንዴት ቀይ ሆነ?

ማማሰያ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የወጥ ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ፤ መነሻው ግን መጽሐፍ ቅዱስ ነው።

ዘፍጥረት 25 ላይ ያዕቆብ ወጥ ይሠራል። ዔሳው ከዱር ደክሞ ይመጣል። ከዚያ ቀይ ወጥ እንዲሰጠው ይለምናል፤ ብኩርናውን ሸጦ ይበላል። ወጡ የምስር መሆኑ የሚነገረን መጨረሻው ላይ ነው። እዚህ ድረስ ሁላችንም እናውቃለን።

እኔን የያዘኝ ቀዩ ነው። በርበሬ፣ ቃሪያና ቲማቲም የአሜሪካ ተክሎች ናቸው። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. እዚያ እስኪደርስ ድረስ በሌላው ዓለም ማንም አያውቃቸውም ነበር። ታዲያ ያዕቆብ በምን አቀላው?

ቀይ ክክ ምስር፣ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይትና ጨው ብቻ አድርጌ ሞክሬዋለሁ። ሳጥበው ብርቱካን የመሰለው ክክ ድስት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ቁጭ አለ። ጣዕሙ ክፉ አይደለም። ግን ይህን አይቶ ቀይ ወጥ የሚል ሰው አይኖርም። የምታውቁ ንገሩኝ።

ርቦኛል፦
ዔሳው ዘመዴ ነው። የራበው ሰው የወጥ ቀለም አይመርጥም። ቢጫም ቢሆን ይሸጥ ነበር።

ድፍን ምስር፦
ማማሰያ፣ ክክ ስለተጠቀምክ ነው። ክክ ልጣጩ የወጣ ምስር ነው። ያ የሚያምር ቀለሙ እሳት አይችልም፤ ሁልጊዜ ወደ ቢጫ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ቀይ ወጥ አታገኝም።

ድፍኑን ሞክር። ልጣጩ ያለበትን፣ ቡናማውን። ያ ልጣጭ ሲበስል መረቁን ያጠቁረዋል፤ ቀላ ያለ ቡናማ ይሆናል። ጽሑፉ ክክ ይሁን ድፍን አይልም፣ እውነት ነው። እኔ ግን ድፍን ነው ባይ ነኝ። ምስር መከካት ተጨማሪ ሥራ ነው፤ ድንኳን ውስጥ ለሚበላ የዕለት ወጥ ማን ይደክማል?

አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ሲባል የደም ቀለም አትጠብቅ። ቀይ ላም፣ ቀይ አፈር ስንል ቡናማውን አይደል የምናስበው?

እትዬ ጓዳ፦
ልጆች፣ ስለ ምስሩ ተጨቃጨቃችሁ፤ ሽንኩርቱን ማን አስታወሰው?

ማማሰያ፣ የኔ ልጅ፣ ሽንኩርቱን ምን ያህል አበሰልከው? ነጣ ሲል ምስሩን ከጨመርክበት ወጥህ ነጭ ይሆናል። በቃ ሌላ ምክንያት አትፈልግ።

እንዲህ አድርግ። ሽንኩርቱን ደቀቅ አድርገህ ክተፍ። መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት ድስቱ ውስጥ አድርገው። ውሃውን ይተፋል፣ ያንን ራሱ ይጠጣዋል። ከዚያ የድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል። አትደንግጥ። ውሃ ጠብ አድርግና በማማሰያ ፋቀው። የተያዘው ነገር ይለቅና ሽንኩርቱን ያቀላዋል። እንደገና ሲይዝ እንደገና ጠብ። ዘይቱ የሚገባው ሽንኩርቱ ወርቃማውን አልፎ ቀላ ሲል ነው። መልኩ የሻይ መልክ እስኪመጣ አትቸኩል። ከጠቆረ ግን ያልፍሃል፤ መራራ ይሆናል፣ ጣለውና ሌላ ክተፍ።

በዚህ ቁሌት ላይ ድፍን ምስር ጨምርበት። በርበሬ ሳይነካው ቀይ ነው። አይቼዋለሁ።

ማማሰያ፦
እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነት ነው፣ ሽንኩርቱን ቶሎ ነው ያወጣሁት። ያዕቆብ ሽንኩርት ነበረው ግን?

ብራና፦
ሽንኩርት በዚያ አካባቢ የቆየ ምግብ ነው። ዘኍልቍ 11 ላይ እስራኤል በምድረ በዳ ሆነው የግብፅን ምግብ ሲናፍቁ ከሚዘረዝሩት ውስጥ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ባሮ ሽንኩርት አሉበት። ዱባ ነገርና ዓሣም አለ። ያዕቆብ ድስት ውስጥ ስለመግባቱ የተጻፈ የለም፤ ያኔ ይገኝ ነበር ወይ ካልከኝ ግን መልሴ አዎ ነው።

ቅመም ካስፈለገህም ከዚያው መጽሐፍ አይጠፋም። ኢሳይያስ 28 ስለ ጥቁር አዝሙድና ስለ ከሙን ያወራል፤ በከባድ መውቂያ ሳይሆን በበትር እንደሚወቁ ሁሉ ይናገራል። ዘጸአት 16 መናውን ከድንብላል ዘር ጋር ያመሳስለዋል። ከሙንና ድንብላል ደግሞ ዛሬም ለምስር የሚሆኑ ናቸው። እኔ በትንሹ ከሙን አደርግበታለሁ፤ ዘይቱ ላይ ሽታው ብድግ እስኪል ብቻ።

የጨው ቁንጥር፦
አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁም። ብራና የጠቀስከው የዘኍልቍ ዝርዝር ምስር የለበትም አይደል? በቁርአን ግን አለ። ሱረቱል በቀራህ 61 ላይ የሙሳ ሕዝቦች አንድ ዓይነት ምግብ ሰለቸን ብለው ምድር የምታበቅለውን ሲጠይቁ ምስርና ሽንኩርት ጎን ለጎን ተጠርተዋል። ድስቱ እዚያው ተሟልቷል ማለት ነው።

መልሱም ይገርማል። የተሻለውን ዝቅ ባለው ልትለውጡ ነው ወይ ነው የተባሉት። ከዔሳው ልውውጥ ጋር አያይዤ ሳስበው ልቤን ይነካዋል። በሁለቱም ቦታ ምስሩ ምንም አላጠፋም። ጥያቄው ለምን ተለወጠ የሚለው ነው።

ብራና፦
በጣም ጥሩ ነጥብ፤ አመሰግናለሁ። ለእኔም የዚህ ታሪክ ጣዕሙ ምስር ተራ ምግብ መሆኑ ላይ ነው። ዔሳው የሰባ ፍሪዳ ቀርቦለት ቢሸነፍ ሌላ ታሪክ ነበር። እርሱ ግን አዳኝ ነው፤ የሥጋ ሰው ነው፤ የሸጠው በምስር ነው።

ምስር በሌላም ቦታ ሲጠራ የሚጠራው እንዲሁ በተራ ምግብነቱ ነው። ዳዊት ከአቤሴሎም ሸሽቶ መሃናይም ሲደርስ ቤርዜሊና ሌሎች ሰዎች ስንቅ ያመጡለታል (2ኛ ሳሙኤል 17)። ስንዴ፣ ገብስ፣ ዱቄት፣ ባቄላ፣ ምስር፣ ማር፣ ቅቤ። ለደከመ ሠራዊት የሚሆን፣ ሆድ የሚይዝ ነገር ነው። እዚያው መጽሐፍ 23 ላይ ደግሞ ከዳዊት ኃያላን አንዱ ሌላው ሕዝብ ሲሸሽ ምስር የሞላበት እርሻ መካከል ቆሞ ፍልስጥኤማውያንን ይመክታል። በነገራችን ላይ ያንኑ ታሪክ የሚመስለው 1ኛ ዜና መዋዕል 11 እርሻው የገብስ ነበር ይላል። ምስርም ሆነ ገብስ፣ ሰውየው የቆመው ለወርቅ አይደለም። ለእህል ነው።

ተጠራጣሪው፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ ግምት ነው። ጽሑፉ የሚለው ወጥ፣ ቀይ፣ ምስርና እንጀራ ብቻ ነው። ሽንኩርት የለም፣ ከሙን የለም፣ ዘይት የለም። እናንተ የራሳችሁን ወጥ ሠርታችሁ የያዕቆብ እያላችሁት ነው።

ድፍን ምስር፦
ተጠራጣሪው፣ ትክክል ብለሃል፤ ግን ማንም የምግብ አሠራሩ ተገኘ አላለም። በዚያ ዘመን ምን ይገኝ ነበር የሚለውን መገደብ ይቻላል። በርበሬ፣ ቲማቲምና ድንች ውጪ ናቸው። ምስር ራሱ ደግሞ የዚያ አካባቢ ልጅ ነው። ከስንዴና ከገብስ ጋር በመካከለኛው ምሥራቅ መጀመሪያ ከተለመዱት ሰብሎች አንዱ ነው፤ ወደ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በዚህ ወሰን ውስጥ የሚበስል ወጥ ለያዕቆብ ባዕድ አይሆንም። ከዚህ በላይ አልተባለም።

ተጠራጣሪው፦
እንደዚያ ከሆነ እስማማለሁ። «በዚያ ዘመን በሚገኝ ነገር» በሉትና ልተዋችሁ። ግን ለምንድነው ያዕቆብ የዚያን ቀን ምስር የሠራው? እርሱን የሚያውቅ አለ?

ብራና፦
ዘፍጥረት አይናገርም። በአይሁድ ትውፊት ግን መልስ አለ። ታልሙድ ውስጥ፣ ያ ቀን አብርሃም የሞተበት ቀን ነበር፣ ያዕቆብም ወጡን የሠራው ኀዘን ላይ ላለው አባቱ ለይስሐቅ ነው ይላሉ። ለምን ምስር ሲባል፣ ምስር እንደ ሌላው ጥራጥሬ አፍ (ስንጥቅ) የለውም፤ ኀዘንተኛም አፉ ተዘግቷል፤ ደግሞ ክብ ነው፣ ኀዘንም ዞሮ በየሰው ቤት ይገባል ይላሉ። ከዚያ ወዲህ ኀዘንተኛን ምስር ማብላት በአይሁድ ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ታሪኩን በዚህ ዓይን ስታነበው ዔሳው የበላው የልቅሶ ቤት ምግብ ይሆናል።

ርቦኛል፦
አሁን ምግቡን አከበዳችሁብኝ። ወደ ድስቱ እንመለስ። ድፍን ምስር ለምንድነው አንዳንዴ ለሰዓታት ቢፈላም ጠጠር ሆኖ የሚቀረው? ጎረቤቴ ዘንድ የበላሁት ጥርሴን ሊያወልቀው ነበር። እንደ ነቢያት ልጆች «በምንቸቱ ውስጥ ሞት አለ» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝም።

ሙከራ ቤት፦
ርቦኛል፣ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ።

አንዱ ዕድሜው ነው። ሙቀትና እርጥበት ባለበት ብዙ የቆየ ምስር ውሃ መጠጣት ያቅተዋል፤ ምንም ብታደርገው አይለሰልስም። ለዚህ መድኃኒቱ አዲስ መግዛት ብቻ ነው።

ሌላው ውሃው ነው። ማንቆርቆሪያህ ሥር ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ካልሲየም የበዛበት ነው። የምስሩን ህዋሳት የሚያያይዝ ፔክቲን የሚባል ነገር አለ፤ ሲበስል መሟሟት አለበት። ካልሲየም ያጠነክረዋል። በተጣራ ውሃ ሞክረውና ልዩነቱን ታየዋለህ።

ዋናው ተጠርጣሪ ግን ኮምጣጣ ነገር ነው። ሎሚ፣ አቼቶ፣ ቲማቲም ቀድሞ ከገባ ፔክቲኑ አይሟሟም። ምስሩ ባለበት ይቆማል። ስለዚህ አቼቶ የሚገባው ምስሩ ከለሰለሰ በኋላ፣ ልታወርደው ስትል ነው። ያኔ ግን አትለፈው። ድፍን ምስር የአፈር ጣዕም አለው፤ አንድ ማንኪያ አቼቶ ያነሳዋል። «በዚያ ዘመን በሚገኝ ነገር ብቻ» ለምትሉም አቼቶ ይፈቀዳል፤ ሩት 2 ላይ ቦዔዝ ሩትን ጉርሻሽን በሆምጣጤ አጥቅሺ ይላታል።

ስለ ጨው የሚወራው ግን የተጋነነ ነው። በመጠኑ መጀመሪያ ላይ ቢገባ ምስር አያጠነክርም። ሶዳም (ቤኪንግ ሶዳ) ቶሎ ያለሰልሳል፤ ግን ቫይታሚን ቢ1ን ይጎዳል፣ ከበዛም ሳሙና ሳሙና ይላል። እኔ አልጠቀምም።

እትዬ ጓዳ፦
ሙከራ ቤት በሳይንስ ተናገረ፤ እኔ በጣት ልናገር። የበሰለ ምስር በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ሲያዝ ሳይገፋ ይሟሽሻል፤ መሀሉ ላይ ነጭ ነጥብ አይታይበትም። ነጥቡ ካለ ገና ነው። ሰዓት እያያችሁ አታውርዱ።

ደግሞ ልቀሙት። ትሪ ላይ በትንሽ በትንሹ በትኑት። የምስር ጠጠር ምስሩን ራሱን ይመስላል፤ በዓይን ብቻ ያሞኛል። መዳፍ ሲያልፍበት ግን ይሻክራል፣ ምስር ይንሸራተታል። የጎረቤትህ ወጥ ምናልባት በስሎ ጠጠር ነበረበት።

ማማሰያ፦
ትናንት በምክራችሁ ሠራሁት። ያደረግሁትን ልንገራችሁ፣ ሌላ ሰው ከፈለገ ይጠቀምበት።

ሁለት ኩባያ ድፍን ቡናማ ምስር ለቅሜ አጠብኩ፤ አልዘፈዘፍኩትም። አራት ቀይ ሽንኩርት በእትዬ መንገድ አቀላሁ። ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሬዲዮ ከፍታችሁ ጀምሩ። የወይራ ዘይት፣ ሦስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ ትንሽ የተወቀጠ ድንብላል። ምስሩን ጨምሬ ዘይቱ እስኪይዘው አገላበጥኩት፤ ከዚያ ስድስት ኩባያ ሙቅ ውሃና ጨው። ሲፈላ አረፋ ተነሣ፣ ገፈፍኩት። እሳቱን ቀንሼ ከድኜ ተውኩት። ሠላሳ አምስት ደቂቃ አካባቢ ላይ የጣት ፈተናውን አለፈ። ከድስቱ አንድ ጭልፋ ያህል አውጥቼ ደፍጥጬ መለስኩበት፤ መረቁ ወፈረ። መጨረሻ ላይ አቼቶ።

ቀለሙ? ቀይ ነው ብዬ መማል እችላለሁ። የጡብ ዓይነት ቀይ። በዳቦ በላነው። ክኩን ግን አልሸሸሁትም፤ በሃያ ደቂቃ የሚደርስ ምግብ ከሥራ ለሚመጣ ሰው ሌላ ጥቅም አለው።

ርቦኛል፦
ዳቦውን የጠቀስከው ጥሩ ነው። ያዕቆብም በባዶ ወጥ አላባረረውም።

ሙከራ ቤት፦
ዳቦና ምስር ደግሞ ተስማሚ ጥንድ ናቸው። ምስር ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል በብዛት አለው፤ ሜታዮኒን ይጎድለዋል። ስንዴና ገብስ ላይ ተቃራኒው ነው። አብረው ሲበሉ ይሟላሉ፤ በአንድ ጉርሻ ባይሆንም በቀኑ ውስጥ ይበቃል። የበሰለ ምስር በ100 ግራም 9 ግራም ያህል ፕሮቲንና 3 ሚሊግራም የሚያልፍ አይረን አለው። አይረኑ ከሥጋው ዓይነት ይልቅ ሰውነት ውስጥ ለመግባት ይከብደዋል። ሎሚ ወይም ትኩስ አትክልት ይረዳዋል። ምግቡ ላይ ወዲያው ሻይ ማስከተል ደግሞ ይቀንሰዋል።

አዲስ ገቢ፦
ሰላም፣ ዘግይቼ ነው የመጣሁት። ስለ ሕዝቅኤል እንጀራስ ምን ትላላችሁ? ምዕራፍ 4 ላይ ስንዴ፣ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስርና ሌሎች እህሎች ተቀላቅለው የሚጋገሩበት አለ። ከሰማይ የወረደ የጤና አሠራር ነው ብሎ አንድ ሰው ነገረኝ።

ብራና፦
አዲስ ገቢ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። ያንን ምዕራፍ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ያ እንጀራ የከበባ እንጀራ ነው። ኢየሩሳሌም ስትከበብ ሰው የሚበላው ምን እንደሚመስል ለማሳየት የታዘዘ ምልክት ነው። አንድ እህል ስለማይበቃ ነው ጎተራ ውስጥ የቀረው ሁሉ የሚቀላቀለው። መጠኑም በሚዛን ነው፤ በቀን 20 ሰቅል፣ ማለት 230 ግራም ያህል። ውሃውም በልክ ነው። ለ390 ቀን።

የዱቄት ቅልቅሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ገንቢ ነው። ዳንኤልም በጥራጥሬና በውሃ 10 ቀን ቆይቶ ፊቱ አምሮ ተገኝቷል። ግን የሕዝቅኤሉን የጤና ማዘዣ ማድረግ የጽሑፉን ሐዘን መዝለል ነው።

ርቦኛል፦
ደግሞ ማገዶውን አትርሱ። መጀመሪያ የታዘዘው በሰው ፋንድያ ነበር፤ ነቢዩ ለምኖ ነው በከብት ኩበት የተለወጠለት። ይህን ማሸጊያው ላይ የሚጽፍ ነጋዴ አላየሁም።

አዲስ ገቢ፦
አሳቃችሁኝ። እሺ፣ መጋገሩን ከፈለግሁ ምስሩ በጥሬው ይፈጫል ወይስ በስሎ?

እትዬ ጓዳ፦
የኔ እመቤት፣ የተፈጨ የምስር ዱቄት ከስንዴው ሩብ አይብለጥ። ከበዛ ዳቦው አይነሣም፤ ይከብዳል፣ ጥሬ ጥሬም ይሸታል። እኔ የምመርጠው አብስሎ፣ ውሃውን አጥልሎ፣ ደፍጥጦ ሊጡ ላይ መጨመር ነው። ያኔ የሊጡን ውሃ ቀንሺ፤ ምስሩ ራሱ ውሃ ይዞ ነው የሚመጣው። ዳቦው ለስላሳ ይሆናል፣ ቶሎም አይደርቅ።

ማማሰያ፦
እኔም አንድ ልጨምር። የተረፈው ወጥ ዛሬ ጠዋት ድስቱ ውስጥ ጭቃ ሆኖ አገኘሁት። ተበላሽቶ ነው?

ሙከራ ቤት፦
አይደለም። ምስሩ ሲቀዘቅዝ የቀረውን መረቅ ይጠጣዋል፣ ስታርቹም ይረጋል። ሙቅ ውሃ ጨምርና በቀስታ እሳት አሙቀው፤ ይፈታል። ጨውና አቼቶውን እንደገና ቅመስ፤ ውሃው ስላቀጠነው ይጎድለዋል። ግን ድስቱ ላይ አሳድረኸው ከሆነ፣ ከፍሪጅ ውጪ ሌሊቱን ሙሉ ያደረ ምስር አልመክርም። ሌላ ጊዜ ትኩሱ ሲወጣለት ሰፊ ዕቃ ላይ ገልብጠህ ፍሪጅ አስገባው። ሦስት አራት ቀን ይቆያል።

ማማሰያ፦
ፍሪጅ ውስጥ ነበር፣ ድስቱን እንዳለ አስገብቼው።

እትዬ ጓዳ፦
እንግዲያው ብላው።